ርካሽ ጎማና ፈጣን መኪና፤ የስፖርት መኪና ጎማ አመራረጥ በታሪክ ሲታይ

የስፖርት መኪና ያለው ሰው ጎማው ባለቀ ጊዜ በሁለት ነገር መካከል ይቆማል። መኪናው የተሠራው ኩርባን በፍጥነት ለመዞርና በአጭር ርቀት ለመቆም ስለ ሆነ፣ ጎማው መንገዱን አጥብቆ የሚይዝ ሊሆን ይገባል። እንዲህ ያለው ጎማ ግን ዋጋው ውድ፣ ዕድሜውም አጭር ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህ ችግር ከየት እንደ መጣና፣ ገዢው ርካሹን ከመጥፎው ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ በምን አኳኋን እንደ ተገኘ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ ካውቹክ ነው። ጥሬው ካውቹክ በብርድ የሚደርቅ፣ በሙቀት የሚላቁጥ ስለ ነበረ ለከባድ ሥራ አያገለግልም ነበር። በ1839 አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድዪር ከድኝ ጋር ቀላቅሎ ቢያሞቀው ጠንካራና ተለጣጭ እንደሚሆን አገኘ። በ1845 ስኮትላንዳዊው ሮበርት ዊልያም ቶምሰን በአየር ለሚነፋ ጎማ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ነገር ግን በጊዜው አውቶሞቢል ስላልነበረ ሥራው ተረሳ። በ1888 ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ በቤልፋስት የሚኖር የእንስሳት ሐኪም ያንኑ ሐሳብ እንደ ገና ፈጠረው። በ1895 ደግሞ የሚሽለን ወንድማማቾች ከፓሪስ እስከ ቦርዶ ደርሶ መልስ በተደረገው ውድድር በአየር የተነፋ ጎማ ያለው መኪና ይዘው ገቡ። ጎማው በየመንገዱ እየተነፈሰ ቢያስቸግራቸውም አውቶሞቢል በአየር ላይ ሊሄድ እንደሚችል አሳዩ።

ከዚያ ወዲህ የጎማ ሠሪዎች ድካም በአብዛኛው ከአንድ ሕግ ጋር የተደረገ ትግል ነው። ለስላሳ ጎማ ከመንገዱ ሸካራነት ጋር ይጣበቃል፤ ስለዚህ መንገድ ይይዛል፤ ግን ቶሎ ያልቃል። ጠንካራው ብዙ ኪሎሜትር ይሄዳል፤ ግን በተለይ መንገዱ ሲረጥብ ይንሸራተታል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ቀድሞ ነጣ ያለ መልክ በነበረው ጎማ ውስጥ ጥላሸት መጨመር ተጀመረ፤ ጎማው የጠቆረውና ዕድሜው የረዘመው በዚህ ምክንያት ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ሚሽለን በ1946 የፈጠራ መብት ባገኘበትና በ1949 ለገበያ ባወጣው በራዲያል ጎማ ነው። በፊተኛው አሠራር በጎማው ውስጥ ያሉት ክሮች በሰያፍ እየተነባበሩ ይጠላለፉ ነበር። በራዲያሉ ግን ክሮቹ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ጠርዝ በቀጥታ ይዘረጋሉ፤ ከጥርሱ በታችም የብረት ሽቦ መቀነት ይታሰራል። ስለዚህ መኪናው ኩርባ ሲዞር የጎማው ጎን ይለመጣል፤ ጥርሱ ግን መሬት ላይ ተዘርግቶ ይቀራል። በዚህ አሠራር መንገድ መያዝና ዕድሜ ባንድነት ተሻሻሉ። የኢጣልያው ፒሬሊ ቺንቱራቶ የተባለውን የራሱን ራዲያል አወጣ። በ1970ዎቹም ፒ7 የተባለውን ጎኑ አጭር፣ ስፋቱ ትልቅ የሆነ ጎማ አዘጋጀ፤ በ1978 የወጣው ላምቦርጊኒ ካውንታሽ ኤል.ፒ.400 ኤስ በኋላው እግሩ ያደረገው የዚህ ጎማ ስፋት 345 ሚሊሜትር ነበር። በ1992 ደግሞ ሚሽለን ሲሊካ የተቀላቀለበት ጎማ ለገበያ አቀረበ፤ ይኸውም ነዳጅ እያስቆጠበ በእርጥብ መንገድ መያዝን የሚጠብቅ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር፣ ትናንት የባለጠጋ የነበረው ዛሬ የሁሉ መሆኑን ነው። ራዲያልነት፣ አጭር ጎንና ሲሊካ ዛሬ በመካከለኛ ዋጋ በሚሸጡ ጎማዎችም ይገኛሉ። ስለዚህ የርካሽነቱ ምክንያት የፈጠራው ማርጀት ብቻ ከሆነ ገዢው የሚጎዳበት ነገር የለም።

ነገር ግን ርካሽነት ሁሉ ከዚህ ብቻ አይመጣም፤ ውድነትና የታወቀ ስምም ዋስትና አይሆኑም። በ1978 ፋየርስቶን 500 የተባለው ራዲያል ጥርሱ ከብረት መቀነቱ እየተላቀቀ ሰው ስለ ገደለ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጎማዎች ከገበያ እንዲመለሱ ተደረገ። ታዲያ ገዢው በዓይኑ የማያየውን ነገር ማን ይንገረው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የአሜሪካ መንግሥት በ1966 ባወጣው የትራፊክ ደኅንነት ሕግ ለጎማ አንድ ዓይነት የደረጃ ምልክት እንዲዘጋጅ አዘዘ። ፋብሪካዎቹ ወደ ፍርድ ቤት ሄደው ተከራከሩ፤ ምልክቱም በሥራ ላይ መዋል የጀመረው ከ10 ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። በ1983 መሥሪያ ቤቱ ራሱ የዕድሜውን ደረጃ አገደው፤ በ1984 ግን የይግባኝ ፍርድ ቤት እገዳውን ሻረ። እንግዲህ ዛሬ በጎማው ጎን ላይ የምናነበው ቁጥር በክርክር የተገኘ የገዢ መብት ነው ማለት እንችላለን። የአውሮፓ ኅብረትም በ2012 የእርጥብ መንገድ አያያዝን፣ የነዳጅ ቁጠባንና ድምፅን የሚገልጽ ወረቀት ከጎማ ጋር እንዲቀርብ አስገደደ።

ቁጥሩ ግን እንደ ልኩ ሊነበብ ይገባል። በአሜሪካው ደረጃ 400 የተጻፈበት ጎማ 200 ከተጻፈበት በእጥፍ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ ሆኖም ደረጃውን የሚሰጠው ራሱ ፋብሪካው ስለ ሆነ በአንድ ፋብሪካ ጎማዎች መካከል ያለው ንጽጽር በሁለት ፋብሪካዎች መካከል ካለው ይልቅ የታመነ ነው። ከኤኤ እስከ ሲ ያለው ፊደል ደግሞ በእርጥብ መንገድ ቀጥ ብሎ ሲሄዱ ፍሬን መያዝን ብቻ ያመለክታል፤ ለስፖርት መኪና ዋና ስለ ሆነው ስለ ኩርባ ምንም አይናገርም። የፍጥነቱ ፊደልም፣ ለምሳሌ 210 ኪሎሜትር የሚፈቅደው ኤች ወይም 270 የሚፈቅደው ደብልዩ፣ ጎማው የሚችለውን ፍጥነት እንጂ መንገድ መያዙን አይለካም።

ይህን በአንድ ምሳሌ እንመልከት። በ1989 የወጣው ማዝዳ ኤም.ኤክስ.5 ዋጋው መጠነኛ የሆነ፣ ክብደቱም አንድ ቶን ገደማ የሆነ ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና ነው። የመጀመሪያ ጎማው 185/60 አር 14 ነበር። ትንሽ ቸርኬ ርካሽ ጎማ ይወስዳል፤ ይሁን እንጂ የዘመኑ መኪኖች ቸርኬ እየተለቀ ስለ ሄደ በ14 ኢንች ልክ የሚሠራው የስፖርት ጎማ እየጠበበ መጣ። ብዙ ባለቤቶች ባለ 15 ኢንች ቸርኬ አግብተው ወደ 195/50 ይሄዳሉ። ስሌቱ ይህን ይፈቅዳል፤ የፊተኛው ጎማ ጠቅላላ ቁመት 577.6 ሚሊሜትር ሲሆን የሁለተኛው 576 ነው፤ ልዩነቱ ከሁለት ሚሊሜትር አይበልጥም። እንግዲህ የፍጥነት መቁጠሪያው አይዛባም፤ ምርጫውም ይሰፋል። ነገር ግን የቸርኬው ዋጋ ከጎማው ቁጠባ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። ይህ መኪና 270 ኪሎሜትር ስለማይደርስ ለደብልዩ ፊደል ብቻ ብሎ ገንዘብ የሚጨምር ሰው መኪናው የሌለውን ፍጥነት ይገዛል።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ገዢው መጠየቅ ያለበት «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ርካሽ የሆነው ከምን ላይ ተቀንሶ ነው?» ብሎ ነው። ከፈጠራው አዲስነት፣ ከስሙ ወይም ከማይፈለግ የፍጥነት ፊደል ከተቀነሰ ደግ ነው። ከዕድሜው ከተቀነሰም የሚያውቀው ሰው ፈቅዶ ይገዛዋል። ጎማው በመጋዘን ስለ ከረመ ከሆነ ግን ካውቹክ በጊዜ ብዛት ስለሚደርቅ ይጠንቀቅ፤ ከ2000 ወዲህ በጎኑ ላይ የሚታተሙት አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግሩታል፤ 2319 ማለት የ2019 ዓ.ም. 23ኛው ሳምንት ነው። ከእርጥብ መንገድ አያያዙ የተቀነሰ እንደ ሆነ ግን የተረፈው ገንዘብ ትርፍ አይባልም፤ ዝናብ በዘነበ ቀን በፍሬን ርቀት የሚከፈል ዕዳ ነውና።