ከአያት ስለ ወረደ ጠመንጃ



ከእናንተ መካከል የመንዝና የግሼ ተወላጅ የሆነ ሰው የዓመት ፈቃዱን ተቀብሎ ወደ ራቤል በወጣ ጊዜ፥ ከአባቱ ቤት ገብቶ አረፍ እንዳለ ዓይኑ ከምሰሶው ላይ በተንጠለጠለ አሮጌ ጠመንጃ ላይ ያርፍ ይሆናል። አፈሙዙ ተቆርጦ አጥሯል፤ ሰደፉ የፊተኛው አይደለም፥ በወይራ እንጨት ተቀርጾ በጠፍር ታስሯል፤ ምላጩም ጣት ገና ሲነካው ይወርዳል። አድዋ ውሎ የመጣ ነው ይባልለታል። ሠርግ ወይም ለቅሶ በሆነ ጊዜ «እስቲ የአያታችሁ ነፍጥ አንድ ጊዜ ይጩህ» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። ዛሬ ላወጋችሁ ያሰብኩት፥ ያ ጠመንጃ ከመጮኹ በፊት ስለ እርሱ ሊታወቅ የሚገባውን ነገር ነው።

አሮጌ ጠመንጃን ለአዲስ ሥራ መለወጥ የገጠር ቀጥቃጭ ብቻ የሠራው ሥራ አይመስላችሁ። የሠለጠኑት መንግሥታት ራሳቸው ከዚህ ተግባር አላመለጡም። ወደ አገራችን ከገቡትም ስመ ጥር ጠመንጃዎች ብዙዎቹ፥ ከእኛ እጅ ሳይደርሱ ገና በአገራቸው ሳሉ ተቆርጠውና ተቀጥለው የተለወጡ ነበሩ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ግርጌ በአሮጌ ሜዳ ላይ የጄኔራል ናፒየር ወታደሮች የተኮሱት ጠመንጃ፥ አባቶቻችን ስናድር ብለው የሰየሙት ነው። ይህ ስናድር አዲስ ጠመንጃ አልነበረም። በእንግሊዝ ግምጃ ቤት እጅግ ብዙ ሆኖ የተከማቸው፥ ከአፉ የሚጎርሰው ኤንፊልድ፥ በአሜሪካዊው በያዕቆብ ስናይደር ዘዴ የኋላው አፈሙዝ ተቆርጦ፥ በማጠፊያ የሚከፈት መዝጊያ ተገጥሞለት፥ ከኋላው እንዲጎርስ የተደረገ ነው። ይህን ያደረጉት ወጪ ለመቆጠብ ነበር። ነገር ግን ያ መዝጊያ በመጀመሪያ ጠንካራ መቆለፊያ አልነበረውም። የጥይቱ ቀለህ ከበስተኋላው የተቀደደ እንደ ሆነ፥ እሳቱ መዝጊያውን ወደ ተኳሹ ፊት ሊበረግደው ይችል ነበር። ስለዚህ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1869 መቆለፊያ ያለው ሦስተኛ ዓይነት ተሠራ። መቅደላ ግን ያን ጊዜ አልፏል።

በዚያው ዕለት በዐፄ ቴዎድሮስ ወገን የነበረውን ስናስብ ነገሩ ያሳዝናል። ንጉሠ ነገሥቱ በጋፋት በብዙ ድካም ካስቀለጧቸው መድፎች መካከል አንዱ ትልቁ፥ ባሩዱ ከልኩ በላይ ስለ ጎረሰ፥ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ብረቱ የሚችለውንና ባሩዱ የሚጠይቀውን አመዛዝኖ አለማወቅ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ወደ ውጅግራ እንለፍ። ስሙ የመጣው ፈረንሳዮች «ፉዚል ግራ» ከሚሉት ነው፤ ይኸውም የሻምበል ግራ ጠመንጃ ማለት ነው። እርሱም ቢሆን ከራሱ በፊት ከነበረው፥ በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት ይጎርስ ከነበረው ከሻስፖ የተለወጠ ነው። ሻስፖ በናስ ቀለህ እንዲተኩስ ተደርጎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1874 ግራ ሆነ። ከስድስት ዓመት በኋላ ፈረንሳዮች ቀለህ በተቀደደ ጊዜ የሚያመልጠው እሳት የተኳሹን ፊት እንዳያገኝ፥ ከመዝጊያው ቤት በስተግራ የእሳት መውጫ ቦይ ቈፈሩለት። ይህ የተደረገለት ጠመንጃ «ኤም 80» የሚል ምልክት ተቀርጾበታል። እንግዲህ ውጅግራ ያላችሁ ሰዎች ይህን ፊደል ብትፈልጉ አታፍሩም።

ውጅግራ በኦቦክ፥ በታጁራና በኋላም በጅቡቲ በኩል ወደ ሸዋ እየጎረፈ ገባ። ጥይቱም ከመብዛቱና ከመወደዱ የተነሣ በገበያ እንደ ሽርፍራፊ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። (ከነጋዴዎቹ አንዱ ባለቅኔው ራምቦ ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. ይዞት የመጣው ግን አውሮፓ የጣለችው ከአፉ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ስለ ነበረ፥ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘንድ የጠበቀውን ያህል ዋጋ አላገኘም። ንጉሡ ዕቃ ያውቁ ነበር።) ጥይት ውድ በሆነበት አገር የተተኮሰ ቀለህ አይጣልም። ስለዚህ ባሩድ በአገር ቤት እየተወቀጠ፥ እርሳስ እየቀለጠ፥ ያው ቀለህ ደጋግሞ ይሞላ ነበር። ዘዴው የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ናስ በተተኮሰ ቁጥር እየሳሳና እየደረቀ ይሄዳል፥ አንድ ቀንም ይሰነጠቃል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ለነገራችን ወደሚጠቅመው ወደ አድዋ ደረስን። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጄኔራል ባራቲየሪ ወታደሮች አብዛኛውን የያዙት ጠመንጃ ቬተርሊ ቪታሊ ይባላል። ቬተርሊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1870 ሲሠራ አንድ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ነበር፤ በዚያው አቆጣጠር በ1887 ቪታሊ በተባለ መኮንን ዘዴ አራት ጥይት የሚይዝ ጎታ ከሆዱ ተገጠመለት። ኢጣልያ በዚያ ጊዜ ካርካኖ የተባለ አዲስ ጠመንጃ ነበራት፥ ሆኖም የተከማቸውን አሮጌ ጥይት ለመጨረስ ስትል ወታደሮቿን በአሮጌው ላከች። ከድሉ በኋላም ከየጦር ሜዳው የተሰበሰበው ቬተርሊ በየዘማቹ ትከሻ ሆኖ ወደየአገሩ ተበተነ።

ዳሩ ግን የቬተርሊ ታሪክ በዚህ አላበቃም። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ኢጣልያ ጠመንጃ ባነሳት ጊዜ፥ የቀሩላትን ቬተርሊዎች ሰብስባ፥ አፈሙዛቸውን ውስጡን ፈልፍላ ቀጭን ቱቦ ከተተችበትና የካርካኖን ጥይት እንዲጎርሱ አደረገች። በዓይን ሲታይ የተዋጣ ሥራ ነበር። ነገር ግን ቬተርሊ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ጢሱ ይበዛል፥ ግፊቱ ግን ዝቅ ያለ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1884 ወዲህ ፈረንሳዊው ቪዬይ ያወጣውና መጀመሪያ በለበን ጠመንጃ የተሠራበት ጢስ አልባ ባሩድ ግን ግፊቱ እጅግ የበረታ ነው። አፈሙዙ ቢለወጥም፥ ያን ግፊት ከኋላ ሆኖ የሚሸከመው መዝጊያ ያው የድሮው ብረት ነበር። ስለዚህ እነዚህ ጠመንጃዎች ለኋላ ደጀን ጦር ብቻ ተሰጡ፤ ደጋግመው ሲተኮሱም መዝጊያቸው የሚላላና የሚሰነጠቅ ሆኑ። መሐንዲስና ማሽን ያለው የመንግሥት ፋብሪካ የሠራው እንዲህ ከሆነ፥ በመኖና በመዶሻ የተሠራው እንዴት ሊሆን ነው?

በአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ጊዜ በራስ አበበ አረጋይ መሪነት በመንዝና በተጉለት የተዋጉት አርበኞች ከጠላት የማረኩትን ሁሉ ይጠቀሙ ነበር። ለሰባራ ሰደፍ እንጨት መቅረጽ፥ ለላላው ጠፍር ማሰር የዚያን ጊዜ ግዴታ እንጂ ድፍረት አልነበረም። እኔ የምነቅፈው ያንን አይደለም። ዛሬ ምንም ግዴታ ሳይኖር፥ «ይገባለታል» ተብሎ ባዕድ ጥይት የሚጎርሰውን ነው።

እንግዲህ ከራቤሉ ቤት እንመለስ። ጠመንጃውን ስታወርዱ ከሁሉ በፊት አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙራችሁ፥ መዝጊያውን ከፍታችሁ ባዶ መሆኑን እዩ፤ «ከአባቴ ሞት ወዲህ አልጎረሰም» የሚለውን ቃል አትመኑ። ከዚህ ቀደም የተተኮሰበት ቀለህ በቤቱ ካለ አምጡና ተመልከቱት። ወገቡ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ፥ ቂጡ የተበሳ፥ ዙሪያውን በጥላሸት የጠቆረ ከሆነ፥ ጥይቱና ጠመንጃው አልተስማሙም ወይም መዝጊያው ላልቷል ማለት ነው። ምላጩ እንዲቀልል የተሞረደ እንደ ሆነ፥ ሰደፉ መሬት ሲነካ ብቻ ሊተኩስ ይችላል። አፈሙዙ በመጋዝ ከተቆረጠ ጫፉ ሊጎረብጥ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ «አንድ ጊዜ ብቻ ሞክረን እንየው» አትበሉ፤ የሚያስፈራው ያች አንድ ጊዜ ናት። ለማስጠገንም መኖ ላለው ሁሉ አትስጡት። የ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 1177 ጠመንጃ ያለፈቃድ እንዳይያዝ መከልከሉን እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች ከሌላው ይልቅ ታውቁታላችሁ፥ ለሽማግሌዎቹም የምታስረዱት እናንተው ናችሁ።

ለሽማግሌው የሚሰጠው መልስ ግን «አይተኮስም» ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ቅር ይላቸዋልና። ጠመንጃውን በእጃችሁ ይዛችሁ፥ ከመዝጊያው ቤት ላይ ያለውን ዝገት በጨርቅ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። ቴርኒ፥ ብሬሺያ፥ ቶሪኖ ወይም ቶሬ አኑንዚያታ የሚል ስምና የተሠራበት ዘመን ብቅ ካለ፥ ከኢጣልያ ግምጃ ቤት የወጣ ነው፤ ሴንት ኤቲየን ካለ ከፈረንሳይ። ያን አንብቡላቸው። ከዚያም ማን እንደ ማረከው፥ ማን እንደ ወረሰው፥ ሰደፉን ማን እንደ ቀረጸውና አፈሙዙ ለምን እንደ ተቆረጠ ጠይቃችሁ፥ የሚሉትን ሁሉ በወረቀት ላይ ጻፉና፥ ጠመንጃውን ባዶውን ወደ ምሰሶው መልሱት።