ማግማ፦ ቅልጥ አለት

ኪሌሌሽዋ ሰፋፊ ግቢ ያላቸውን አሮጌ ቤቶች እያፈረሰ በፎቅ የሚተካ የናይሮቢ ሰፈር ነው። መሠረት ሲቆፈር መጀመሪያ የሚወጣው ቀይ አፈር ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ለጠራቢ የሚመች ግራጫ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ድሮ ከእሳተ ገሞራ የወጣ አመድ ሲሆን፣ የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ስሙን የሰጡት በሰፈሩ አጠገብ በሚወርደው ወንዝ ነው፦ የኬሪችዋ ሸለቆ የአመድ ድንጋይ። ዝቅ ሲባል ትራካይትና ፎኖላይት የተባሉ ጠጣር አለቶች ተነባብረዋል። ሁሉም መነሻቸው ማግማ ነው።

ማግማ በአማርኛ «ቅልጥ አለት» ይባላል። አቻው ጥሩ ነው፤ ሲሰሙት ይገባል። ግን ሁሉ ነገሩ የቀለጠ ያስመስላል። በእርግጥ ማግማ የሦስት ነገር ድብልቅ ነው፦ ፈሳሹ፣ በውስጡ የሚንሳፈፉ ጠጣር ክሪስታሎች፣ እንዲሁም የውሃ እንፋሎትን የመሰለ የተሟሟ ጋዝ። ወደፊት እንደምናየው ጠባዩን የሚወስነው በአብዛኛው ይህ ድብልቅ ነው።

ብዙ ሰው ከእግራችን ሥር የቀለጠ አለት ባሕር ያለ ይመስለዋል። የለም። ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ማንትል ሙቀቱ ከ1300 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢበልጥም ጠጣር ነው፤ ከላዩ የተጫነው ክብደት እንዳይቀልጥ ይይዘዋል። ስለዚህ ለመቅለጥ ሌላ እሳት አያስፈልገውም፣ ጫናው ቢቀልለት ይበቃዋል። ስምጥ ሸለቆ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው፦ ቅርፊቱ ሲሳሳና ሲለጠጥ የጋለው አለት ወደ ላይ ይወጣል፣ እየወጣም ይቀልጣል። በሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ በጃፓንና በኢንዶኔዥያ፣ አለቱን የሚያቀልጠው ከውቅያኖስ ወለል ጋር ወደ ታች የሚገባው ውሃ ነው።

አለቱ ሁሉ አይቀልጥም፤ ከመቶው ጥቂት እጅ ብቻ። መጀመሪያ የሚወጣው ቀላጭ ክፍሉ ስለሆነ ጥቂት ሲቀልጥ ማግማው በሶዲየምና በፖታሲየም ይበለጽጋል፣ ብዙ ሲቀልጥ ደግሞ ተራ ባዛልት ይሆናል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ኢትዮጵያን ያለበሰው፣ ዛሬ በሰሜን ተራሮችና በዓባይ ሸለቆ ገደል ላይ ተደርድሮ የሚታየው ባዛልት ከብዙ ቅልጠት የመጣ ነው። ማግማው በቅርፊቱ ውስጥ ሲቆይ ደግሞ ከባዶቹ ማዕድናት ቀድመው እየጠጠሩ ይለዩታል፤ ቀሪው ፈሳሽ በሲሊካ እየከበረ ይሄዳል። ባዛልት ከ45 እስከ 52 ከመቶ ሲሊካ ሲኖረው፣ ራዮላይት የሚባለው አለት ከ70 ከመቶ ያልፋል።

ሲሊካ ሲበዛ ማግማው ይዝለገለጋል፦ ባዛልት እንደ አጥሚት ቢፈስ፣ ራዮላይት ገንፎ ነው። ከገንፎው ጋዝ በቀላሉ ስለማያመልጥ ይታመቃል፣ በመጨረሻም ይፈነዳል። ደንቡ ግን እዚህ ናይሮቢ አጠገብ ይፈተናል። ፎኖላይት ከባዛልት የበለጠ ሲሊካ አለው፤ ሆኖም ከከተማዋ በስተምሥራቅ ያለው የያታ አምባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የፈሰሰ የፎኖላይት ላቫ ነው። ምክንያቱ ሶዲየምና ፖታሲየም የሲሊካውን ሰንሰለት መበጣጠሳቸው ነው። እኔን ከማግማ ነገር ሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ሲሊካ ብቻውን አይፈርድም።

አፋር ላይ በመስከረም 2005 (እ.ኤ.አ.) ሁለቱ ጠባይ በአንድ ጊዜ ታየ። በዳባሁ እሳተ ገሞራ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር በሚሆን ስንጥቅ ውስጥ ባዛልት ማግማ ከምድር በታች ሮጠ፣ መሬቱንም እስከ 8 ሜትር አራራቀው። ወደ ላይ የወጣው ግን ከዳባሁ ጎን በትንሽ ፍንዳታ የተተፋ የራዮላይት አመድና ተንሳፋፊ ድንጋይ ብቻ ነበር። በ2025 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ የአዋሽን ሕዝብ ከቤቱ ያፈናቀለው፣ አዲስ አበባም ድረስ የተሰማው መንቀጥቀጥም ከምድር በታች ከገሰገሰ ማግማ የመጣ ነበር፤ ላቫ ግን አልታየም።

ስለዚህ ስንጽፍ እንለይ፦ ከምድር በታች ሳለ ቅልጥ አለት ወይም ማግማ፣ ገጽ ላይ ከፈሰሰ በኋላ ላቫ። የፈንታሌውን ክስተት «ላቫ ተንቀሳቀሰ» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው።