የአንድ በሬ ቤት

በቦረና፣ በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ ሽማግሌ ለልጃገረድ ሲላክ ወላጅ ቀድሞ የሚጠይቀው የልጁን መሬት ስፋት አልነበረም። «ስንት በሬ አለው?» ነው ጥያቄው። መሬቱም ቢሆን የሚለካው በበሬ ነው፤ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው አንድ ጥማድ ይባላል፣ ወደ ሩብ ሄክታር ይጠጋል። ጥንድ በሬ ያለው ራሱን የቻለ ገበሬ ነው። በሬ የሌለው መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ባለ አንድ በሬ ነው፤ ብዙዎቻችን ያደግነው እዚያ ቤት ነው።

እኔ ዕድሜዬን የገፋሁት በእንስሳት ጤና ረዳትነት ነው። የአገሬን ታሪክ በነገሥታቱ ፈንታ በከብቶቹ በኩል ባነብ አይፈረድብኝ።

በከብት በኩል ሲነበብ ትልቁ ዘመን በ1880 ዓ.ም. አካባቢ ይጀምራል። ጣሊያኖች ወደ ምጽዋ ባስገቧቸው ከብቶች ሳቢያ ሕዝቡ ደስታ የሚለው የከብት በሽታ ገባና ደጋውን ጠረገው። ያለ በሬ የሚታረስ ማሳ አልነበረምና እስከ 1884 የዘለቀው ክፉ ቀን ተከተለ። ዶማ ይዞ መቆፈር ለጨዋ ሰው ነውር በነበረበት ጊዜ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ጨብጠው ቆፈሩ ይባላል። በሽታው በዚያው አላበቃም፤ እኛም ለብዙ ዓመት መርፌ ይዘን ዞረንበታል። ኢትዮጵያ ከደስታ ነፃ መሆኗ የተረጋገጠው በ2000 ዓ.ም. ነው፤ ከመላው ዓለም መጥፋቱ የታወጀው ደግሞ በ2003። ለኔ ሙያ ከዚህ የሚበልጥ ድል የለም፤ የሚገርመኝ በሬዲዮ ተነግሮ ማንም ልብ አለማለቱ ነው።

አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ቀንበሩ የተሠራው ለሁለት አንገት ነው። ስለዚህ ባለ አንድ በሬው ሌላ ባለ አንድ በሬ ፈልጎ ይቀናጃል፤ መቀናጆ የምንለው ይህ ነው። አንድ ቀን ለአንተ፣ አንድ ቀን ለእኔ። ሲነገር ቀላል ነው። መከራው የሚመጣው ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው፤ ዝናቡ ለሁለቱም በአንድ ቀን ይጥላል፣ በሬዎቹ ግን አንድ ጥንድ ናቸው። ማን ቀድሞ ይዝራ? በዚህ ጥያቄ የተኳረፉ ወንድማማቾች አውቃለሁ።

እናቴ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሴት አረም ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ዘር ትመርጣለች፤ እርፍ ግን አትጨብጥም። ያላት ቦራ የሚባል አንድ በሬና ከመንደሩ በላይ ያለ የገብስ መሬት ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ ከአጎቴ ጋር ትቀናጃለች ብሎ ሁሉም ሲጠብቅ እሷ የመረጠችው ከቁልቁለቱ በታች የሚኖሩትን ሼህ ነው። ዘመዶቻችን ተቀየሙ። ለሃይማኖቱ ብለው አይደለም፤ ወሎ ውስጥ ስንቱ ቤት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ፣ በ1870፣ እስላምና ክርስቲያን ሆኖ ለሁለት የተከፈለ አንድ ቤተሰብ ነው። ያስቀየማቸው ዘመድ መዘለሉ ነበር።

እናቴ ግን ስሌቷን ጨርሳለች። የአጎቴ መሬት ከእኛው ጎን ነው፤ እሱም ገብስ ይዘራል፣ እሱም በዚያው ሳምንት በሬ ይፈልጋል። የሼሁ መሬት ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ በኩል የጤፍ መሬት ነው። የእኛ ገብስ ቀድሞ ይዘራል፤ ጤፉ እስከ ሐምሌ ይጠብቃል። ጤፍ ደግሞ እርሻው ተደጋጋሚ ስለሆነ፣ ከገመሳው እስከ አይማው፣ ከአይማው እስከ ስልሰላው ድረስ በሬዎቹ እየወጡ እየወረዱ ሁለቱንም ማሳ ያዳርሳሉ።

የበዓሉም ነገር እንዲሁ ነው። ሼሁ ዓርብ እስከ ጁምዓ አይጠምዱም፤ ያ ጠዋት የእኛ ነው። እኛ ቅዳሜና እሁድ አናርስም። እናቴ በወሩ በ12፣ በ21ና በ29 ቦራን ለማንም አትሰጥም፤ «በሬም ታቦት ያከብራል» ትላለች። በ19ኙ ገብርኤልና በ23ቱ ጊዮርጊስ ግን እኛ አንጠምድም እንጂ ቦራ ወደ ሼሁ ማሳ ይወርዳል። ሼሁም ቢሆኑ በሚካኤል ቀን የራሳቸውን በሬ ከሌላ ጋር ጠምደው እርፍ ሲጨብጡ አይቼ አላውቅም። «በረዶ ከወረደ እኮ ለእናንተ ማሳ ብቻ አይወርድም» ይሉ ነበር። የእኛን ማሳ የሚያርሰው ልጃቸው ነው፤ ዋጋውን እኔና እህቶቼ ጤፋቸውን በማረም እንከፍላለን። ወንፈል ነውና ብድር ያለበት ሰው አይተኛም፤ እናታችን ጎህ ሳይቀድ ትቀሰቅሰናለች።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስትም ጭሰኝነትም ቀረ። አዋጁ በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ሲከለክል ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ለይቶ ፈቅዶላታል፤ ይህን በሕይወቴ ዘግይቼ ሳነብ ያዘጋጀውን ሰው አመሰገንሁ። እናቴ አዋጁን የምትመዝነው በሌላ ሚዛን ነበር። «መሬት ይደለደላል፣ በሬ አይደለደልም» ትል ነበር።

ከዚያ የ1976 ክረምት ከዳ። በ77 የበሬ ዋጋ ወደቀ፣ የእህሉ ሰማይ ነካ፤ ሰው በሬውን ሸጦ የሚያገኘው እህል ለወርም የሚያደርስ አልነበረም። በአገሪቱ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲሰፍር አብዛኛው የወሎ ሰው ነበር። ዝናቡ ሲመለስ ከቀረነው ውስጥ አንድ በሬ ያተረፈ ባለጸጋ ሆነ። ከዚያ በፊት ሁለት ሆነው ይቀናጁ የነበሩት አራትና አምስት ቤት ሆነው በአንድ ጥንድ ዘሩ።

በእነዚያው ዓመታት፣ ኢልካ ይባል የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል በደብረ ዘይትና በደብረ ብርሃን በአንድ በሬ የሚጎተት ማረሻ ይሞክር ነበር። ሞፈሩን አሳጠሩት፣ ቀንበሩን ለአንድ አንገት ሠሩት። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ በሙከራ ማሳ ላይ አርሷል። ገበሬው ግን በብዛት አልተቀበለውም። ምክንያቱ ጠፍቶኝ አያውቅም፤ ጠንካራ መሬት ለአንድ በሬ ይከብዳል፣ መኖውም ዘር በሚዘራበት ወር ያለቀ ነው። ከዚህ ሌላ መሐንዲሶቹ ያልቆጠሩት ነገር አለ፤ መቀናጆ የሚያመጣው በሬ ብቻ አይደለም፣ አራሽም አራሚም አብሮ ይመጣል። እናቴ የአንድ በሬ ማረሻ ቢሰጧት እርፉን ማን ይይዝላት ነበር?

ከ77 በኋላ በአንዱ ክረምት ቦራ ገደል ገባ። እግሩ ተሰብሮ ነበርና ታረደ፤ የቅሬው፣ የዕድራችን፣ ሰዎች ተሰበሰቡ። ሥጋው በመደብ ተመድቦ፣ ጎረቤት ዋጋ ከፍሎ እየወሰደ፣ ገንዘቡ ለሌላ በሬ መግዣ ለባለቤቱ ይሰጣል። የታረደው በክርስቲያን ቢላዋ ስለሆነ እስላሞቹ ጎረቤቶቻችን አይበሉትም። ሼሁ ወጥተው የሁለት መደብ ዋጋ በእናቴ እጅ አስቀመጡ። እናቴ፦ «ሼህ፣ የማይበሉትን ሥጋ ለምን ይከፍላሉ?» አለቻቸው። «እትዬ፣ ሥጋ መቼ ገዛሁ? የከፈልሁት ለቀንበሩ ነው» አሏት። የእሳቸውን መደብ ለካህኑ ቤት ሰደድነው። በገንዘቡ የተገዛው ቀንበር ያላየ ወይፈን ነበር። ያለመደው የሼሁ በሬ ዳለቻ ነው፤ ወይፈኑ ሲደነብር ዳለቻ እግሩን ተክሎ ይቆማል፣ ሲለግም ይጎትተዋል። ከስልሰላው በፊት ተገራ።

ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን የመሬት ደብተር ይሰጣል፤ የባልም የሚስትም ፎቶ አለበት። እናቴ ይህን አላየችም። በደብተሩ ያለው መሬት ግን ለልጅ በተካፈለ ቁጥር እየጠበበ ነው። ግጦሹ ታርሷል፣ ከብቱ የሚኖረው በገለባና በጭድ ነው። ሁለት ጥማድ መሬት ላለው ጎጆ ወጪ ጥንድ በሬ ዓመቱን ሙሉ መቀለብ ኪሳራ ነው፤ ያ ጥንድ በዓመት ውስጥ የሚሠራው ጥቂት ሳምንት ነው። መካነ ሰላም ላይ የሚያማክሩኝ ወጣቶች ሁለተኛ በሬ ለመግዛት ብድር ይፈልጋሉ። እኔ አንዱን በሬ አድልቡ፣ ሁለተኛውን ከመግዛት ላም ግዙ እላቸዋለሁ። ለቀንበሩ ደግሞ ማሳው ከእነሱ ማሳ ዝቅ ወይም ከፍ ያለ ሰው ይፈልጉ።