«ለመሆኑ ውኃው አለ?» ከዳንግላ ሠርግ የተነሣ የጣና ነገር

ባለፈው ጥር ዳንግላ ላይ የዘመዴ ሠርግ ነበር። ሙሽሮቹ ከመልስ በኋላ ባሕር ዳር ወርደው፣ ጀልባ ተከራይተው፣ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመው ሊመለሱ አስበዋል። እኛ አካባቢ የተለመደ ነው። የአዊ ሙሽራ ጫጉላውን ዱባይ ባያሳልፍ ጣና ላይ ፎቶ ይነሣል። ከዳንግላ ባሕር ዳር ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሮ ቁርስ በልቶ የተነሣ ምሳውን ዓሣ ይበላ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ ግን መንገዱ ዛሬ ቢከፈት ነገ ይዘጋል፤ ስለዚህ ድግሱ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ምክሩ ስለ መንገዱ ነበር።

የሙሽራው አጎት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ሌላ ነገር ጠየቁ። «ለመሆኑ ውኃው አለ?»

ሳቅን። ጣና ላይ ውኃ አለ ወይ ተብሎ ይጠየቃል? እሳቸው አልሳቁም። «በ95 ቁንዝላ ላይ እቃዬን ታቅፌ ጀልባ ቆሟል ተብዬ ተመልሻለሁ» አሉና ጠላቸውን አነሡ።

ቤት ገብቼ አገላበጥኩት። ጋሼ ልክ ነበሩ። በ1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003) የጣና ውኃ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,785 ሜትር በታች ወርዶ የጀልባ ጉዞ ለአራት ወር ያህል ተቋርጦ ነበር። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ድርቅ፣ ሌላው ለኤሌክትሪክ ተብሎ ከሐይቁ የተለቀቀው ውኃ። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣሎ፣ ጥልቅ የተባለው ቦታ እንኳ አሥራ አምስት ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ሐይቅ አንድ ሜትር ሲጎድል መሐሉ ላይ ያለ ሰው ላያውቀው ይችላል። ዳር ያለው ግን ወደቡ ደረቅ መሬት ላይ ይቀርበታል፣ ደንገሉ ይረግፋል፣ ውኃው የለቀቀው መሬት በማግስቱ ይታረሳል።

እንግዲህ የጋሼ ጥያቄ ሌላ ጥያቄ ወለደብኝ። የጣና ውኃ ልኩ ይህ ይሁን፣ ከዚህ አይውረድ የሚለው ማነው? ይህ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊትም ተነሥቶ ነበር። የሚገርመው፣ ጥያቄውን ይከታተል የነበረው ሰው ቢሮ የሠርጉ ድንኳን በተተከለባት በዚያችው በዳንግላ ከተማ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 15፣ 1902) ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪንግተን ከፈረሙት ውል ነው። በሦስተኛው አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ ውኃውን የሚያግድ ሥራ በአባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ላያሠሩ ቃል ገቡ። ውሉ ዋናው ጉዳዩ የድንበር ነው፤ የውኃው ነገር መሐል ላይ የገባች አንዲት አንቀጽ ናት። አንዲቷ አንቀጽ ግን እስካሁን ታነጋግራለች።

ከዚያ ሱዳን ውስጥ የገዚራ ጥጥ መጣ። እንግሊዞች በአባይ ላይ የሰናርን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1925 ጨረሱ። ጥጥ ደግሞ በበጋ ውኃ ይፈልጋል፤ አባይ በበጋ ይቀጥናል። ስለዚህ ዓይናቸው ጣና ላይ አረፈ። የክረምቱን ውኃ ሐይቁ ውስጥ አቁሮ በበጋ መልቀቅ! ሐሳቡ በእርግጥ ብልኅ ነበር። ጉድለቱ ሐይቁ የሰው መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር እንግሊዝና ኢጣሊያ ደብዳቤ ተለዋወጡ። እንግሊዝ ጣና ላይ ግድብ እንድታገኝ ኢጣሊያ ትደግፋታለች፤ እንግሊዝም በፈንታዋ ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ምድር የባቡር መስመር እንድትዘረጋና በምዕራብ በኩል የጥቅም ክልል እንዲኖራት ትደግፋለች። ባለቤቱን ማንም አልጠየቀም። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1926 ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ሲሉ ሁለቱም «እኛ እኮ ኢትዮጵያን ማስገደዳችን አይደለም» ወደሚል ማስተባበያ ገቡ። አገሪቱ የማኅበሩ አባል ከሆነች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር፤ አባልነቱ ከጠቀመባቸው ጥቂት ቀኖች አንዱ ይመስለኛል።

ሜጀር ሮበርት ቺዝማን የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ የገባው በዚያው በ1925 ነው። እስከ 1934 ቆየ። ከዚያ በፊት ኢራቅ ውስጥ የሰር ፐርሲ ኮክስ ጸሐፊ ነበር፣ በዓረብ በረሃም ተጉዟል። ወፍና እንስሳ ሰብሳቢ ሰው ነበር፤ በስሙ የሚጠራ የበረሃ አይጥ እንኳ አለ። እንዲህ ያለ ሰው ዳንግላ ላይ ምን ይሠራል ለሚል መልሱ ካርታው ላይ አለ። ዳንግላ ከጣና ደቡብ ምዕራብ ያለች ደጋ ናት፤ ግልገል አባይ ከሰከላ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ የሚወርደው በቅርቧ ነው፤ ወደ ሱዳን የሚወስደው የቅፍለት መንገድም ከዚህ አይርቅም። ውኃውን ሊያይ ለፈለገ መንግሥት ከዚህ የተሻለ ማማ አልነበረም።

ቺዝማን የአባይን ሸለቆ በበቅሎና በእግር ተከትሎ ካርታ አነሣ። በ1932 እና በ1933 ደግሞ ጣናን ዞረው። የተሳፈረው በታንኳ፣ ያችው ነገደ ወይጦ ከደንገል በሚያስሯት ታንኳ ነው። የታንኳን ጠባይ የሚያውቅ ይህ ቀላል እንዳልሆነ ይረዳል። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ታንኳዋ ስትውል ትከብዳለች፣ ዳር አውጥተው በፀሐይ ካላደረቋት ትሰጥማለች፤ ዕድሜዋም ወራት እንጂ ዓመታት አይደለም። እንግሊዛዊው ደሴት ለደሴት እየዞረ ገዳማቱን ጎበኘ፣ ዳርቻውን ለካ፣ ጻፈ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1936 ታተመ፤ ኢጣሊያ አዲስ አበባ በገባችበት ዓመት መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ፍርዴ ሁለት ነው። ሰውየው የተቀመጠበት ወንበር የውኃ ፖለቲካ ወንበር ነበር፣ ይህን ማለስለስ አልፈልግም። ግን ደግሞ ያ እውቀት በ1940 ሌላ ጥቅም ላይ ዋለ። ቺዝማን ካርቱም ላይ የኢትዮጵያን ጉዳይ የሚከታተል የመረጃ ክፍል ውስጥ ተመደበ፤ በእግሩ የለካው ጎጃም የአርበኞቹና የሳንፎርድ መንገድ ሆነ። በጥር 1933 ዓ.ም. ጃንሆይ በኦሜድላ ገብተው ወደ ጎጃም ሲያቀኑ፣ ዳንግላን ከኢጣሊያ ለማስለቀቅ የሚፋለሙ አርበኞች ነበሩ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርም የተመሠረተው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ዘንድሮም ጥር 23 ቀን የሚከበረው የነሱ በዓል ነው። ዘመዴ ሠርጉን ከዚያ በፊት ለማድረስ ቀን ሲቆጥር ነበር፤ እንጂባራ ላይ ፈረስ ሳያይ ጫጉላ አይወጣማ!

እንግሊዝ የተመኘችው ግድብ ሳይሠራ ቀረ። ሐኪም ወርቅነህ እ.ኤ.አ. በ1927 ኒውዮርክ ተልከው ጄ. ጂ. ዋይት የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ አነጋገሩ፤ ኩባንያው መጥቶ ሐይቁን አጠና። ጥናቱ ላይ እያሉ ጦርነት መጣ።

ሐሳቡ ግን አልሞተም፤ ባለቤቱ ተቀየረ እንጂ። ከሐይቁ አባይ በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ እኛው በገንዘባችን መቆጣጠሪያ ሠራን። እ.ኤ.አ. በ1996 ሁለት በር ነበረው፣ በ2001 አምስት ተጨመረለት። የክረምቱን ውኃ ያቁራል፣ በበጋ ለጢስ አባይ ተርባይኖች ይለቃል። ከመቶ ዓመት በፊት ለገዚራ ጥጥ የታሰበው ማለት ነው። ከዚያ በግንቦት 2002 ዓ.ም. ጣና በለስ ተመረቀ። ውኃው ከሐይቁ ምዕራብ ዳር በአሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ተስቦ ወደ በለስ ይወርዳል፣ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል፣ ከዚያም ለጃዊ ሸንኮራ ይተርፋል። ጃዊ የት ናት? አዊ ውስጥ። የዳንግላ ቆንስል ሲለካው የኖረው ውኃ ዞሮ ዞሮ የአዊ ቆላ መስኖ ሆነ።

ይህን ስል መብራቱ አይብራ፣ ስኳሩ ይቅር ማለቴ አይደለም። ቤቴ የሚበራው በዚያው ነው። ያለኝ ቅሬታ ይህ ነው፤ በ1894 ዓ.ም. ውል ላይ የዘጌ ታንኳ ቀዛፊ አልተጠየቀም፣ በ1925 ደብዳቤ ላይም አልተጠየቀም፣ በ1995 ዓ.ም. በሩ ሲከፈትስ ማን ጠየቀው? አሁን እንቦጩ አለ፣ ጦርነቱ አለ፤ ጎብኚ ጠፍቶ ስንቱ ባለ ጀልባ ሞተሩን ሸራ አልብሶ ተቀምጧል። ጣናነሽ 2 ከጅቡቲ ጀምሮ በመኪና ተጭና አገር ለአገር ስትመጣ ሕዝቡ በእልልታ የተቀበላትን ያህል፣ የምትቆምበት ወደብ በግንቦትና በሰኔ ስንት ሜትር ውኃ እንደሚኖረው የሚነግረን ብናገኝ ምን ነበረበት? ልኬቱ በየቀኑ ይወሰዳል። ባሕር ዳር፣ ዘጌ፣ ደቅ፣ ቁንዝላ፣ ጎርጎራ ወደብ ላይ ቁጥሩን በኖራ ሰሌዳ መጻፍ በጀት አይጠይቅም። ከዚህ ልክ በታች አይለቀቅም የሚል ወለል ካለም ሕዝቡ ይወቀው።

ሙሽሮቹ በመጨረሻ መንገዱ ደህና በሆነ ቀን ሄዱ። ጥር ስለነበረ ሐይቁ ገና አልጎደለም፤ ጀልባዋ ያለ ችግር ዘጌ አደረሰቻቸው። የላኩልኝ ፎቶ ላይ ሙሽራዋ ወደብ ላይ ቆማ ነጠላዋን ነፋስ ይዞባት ትስቃለች። እኔ ግን ያየሁት ከእግሯ በታች ያለውን ድንጋይ ነው፤ ውኃው የነበረበት የነጣ መሥመር አለ፣ ውኃው ደግሞ ከመሥመሩ ክንድ ያህል ወርዶ ይታያል። ፎቶውን ለጋሼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረዥም ጊዜ አዩትና «እስኪ በግንቦት ደግሞ ሄደው እዚያው ቆመው ይነሡ» አሉኝ።