ከመምህርነት ወደ ርዕሰ መምህርነት፦ በምዕራብ ጎጃም የትምህርት ቤት አመራር የሙያ መንገድ

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የአመራርነት መንገድ የሚጀምረው ከመማሪያ ክፍል ነው። መምህሩ የማስተማር ልምድ ካካበተ በኋላ ተወዳድሮ ምክትል ርዕሰ መምህር፣ ርዕሰ መምህር፣ ከዚያም በአንድ የጉድኝት ማዕከል ሥር ያሉ ትምህርት ቤቶችን የሚደግፍ ሱፐርቫይዘር ሊሆን ይችላል። ጉዳዩ የሚመለከተው በቅድሚያ መምህሩ የሚሠራበትን ወረዳ ወይም ከተማ አስተዳደር የትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። በመሆኑም የፍኖተ ሰላም ከተማ መምህርና ከተማዋን የሚያዋስነው የጃቢ ጠህናን ወረዳ መምህር መረጃ የሚጠይቁት በየራሳቸው ጽሕፈት ቤት ይሆናል።

ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርነት የሚጠበቀው የትምህርት ደረጃ ሁለተኛ ዲግሪ ነው። የፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ መምህራንን ያሠለጥናል። በትምህርት አመራር ለመማር የሚፈልጉ የአካባቢው መምህራን ደግሞ በአብዛኛው ወደ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያመራሉ። የዩኒቨርሲቲው አንዱ መሠረት በ1960ዎቹ አጋማሽ በዩኔስኮ ድጋፍ የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ እንደመሆኑ፣ ትምህርት ከተቋሙ ነባር የሙያ መስኮች አንዱ ነው።

ይሁንና የትምህርት ማስረጃ ብቻውን ለሥራው አያዘጋጅም። ጎበዝ መምህር ሁሉ ጎበዝ ርዕሰ መምህር አይሆንም፤ ሥራው ሌላ ነውና። በገጠር ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ አጨዳና ውቂያ ሲደርስ፣ ከክፍል የሚቀሩ ተማሪዎችን ለመመለስ ከወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ጋር ቀበሌ ለቀበሌ ይዞራል። ከትምህርት ቤቱ ባሕር ዛፍ ወይም ሣር ሽያጭ የተገኘ ገቢ በደረሰኝ መሰብሰቡን፣ ንብረት በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ መደረጉን ይከታተላል። በኢንስፔክሽን ወቅት ትምህርት ቤቱ ከ1 እስከ 4 ባሉት ደረጃዎች በየትኛው እንደሚመደብ በቅድሚያ የሚጠየቀውም እርሱ ነው። በቅርብ ዓመታት በክልሉ በነበረው የጸጥታ ችግር ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ የተማሪዎችን ሮስተርና የንብረት መዝገብ ጠብቆ ማቆየት ከሥራዎቹ ሁሉ የከበደው ሆኗል።

ስለዚህ ለአመራርነት የሚያስብ መምህር ማስታወቂያ እስኪወጣ ሳይጠብቅ የትምህርት ክፍል ተጠሪነትን፣ የዩኒት ሊደርነትን ወይም የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ አስተባባሪነትን ቢቀበል ይጠቀማል። እነዚህ ኃላፊነቶች ብዙ ጊዜ እንደ ተጨማሪ ጫና ስለሚታዩ ደፍሮ የሚወስዳቸው አይበዛም። ሆኖም የሰውና የገንዘብ አያያዝ የሚለመደው በእነርሱ ነው። ይህ ምክር በተለይ ሴት መምህራንን ይመለከታል፤ በርዕሰ መምህርነት ያላቸው ድርሻ በመምህርነት ካላቸው እጅግ ያነሰ ነውና።

ለኃላፊነቱ የተሰጠው የምደባ ደብዳቤ ቅጂ በግል ማኅደር መያያዙን መምህሩ ራሱ ማረጋገጥ አለበት። በቃል የተሰጠ ኃላፊነት በውድድር ጊዜ ማስረጃ አይሆንም። የሥራ አፈጻጸም ውጤቶች፣ የሙያ ዕድገት ደረጃ ደብዳቤዎችና የትምህርት ማስረጃዎችም እንዲሁ ተሟልተው ሊገኙ ይገባል። ዝርዝር መስፈርቱና የነጥብ ክፍፍሉ የሚታወቀው ከማስታወቂያውና ከክልሉ መመሪያ ስለሆነ፣ አመልካቹ ከመመዝገቡ በፊት ሁለቱንም ማንበብ ይኖርበታል። ውጤቱ ላይ ቅሬታ ያለው አመልካች ነጥቡ እንዴት እንደተሰጠ እንዲገለጽለት ለጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ያመለክታል፤ ማመልከቻው ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀንም መዝግቦ ይይዛል።