የፕሮቶንን ሞት ሲጠብቁ



ዛሬ የማቀርብላችሁ የአንድ ያልተሳካ ንድፈ ሐሳብ ታሪክ ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የተፈጥሮን ኃይላት በአንድ ሕግ የመጠቅለል ምኞት በፊዚክስ ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። ኒውተን በ1687 ድንጋይን ወደ ምድር የሚስበውና ጨረቃን በምሕዋሯ የሚያቆየው ኃይል አንድ መሆኑን አስረዳ። ማክስዌል በ1865 ኤሌክትሪክን፣ ማግኔትንና ብርሃንን በአንድ የቀመር ሥርዓት አስተሳሰረ። አንስታይን ግን ስበትን ከኤሌክትሮማግኔታዊው ኃይል ጋር ለማዋሐድ ሠላሳ ዓመት ያህል ደክሞ፣ በ1955 ሲያርፍ ስሌቱን ሳይቋጭ ቀረ።

ቀጣዩ እመርታ በሌላ በር መጣ። ግላሾው፣ ሳላምና ዋይንበርግ በ1960ዎቹ ባቀረቡት ሥራ ኤሌክትሮማግኔታዊውን ኃይል ከደካማው የኑክሌር ኃይል ጋር አዋሐዱ፤ በ1979ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የተነበዩአቸው ኃይል ተሸካሚ ቅንጣቶች በ1983 ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን ተገኙ።

በዚህ መካከል፣ በ1974፣ ጆርጃይና ግላሾው ብርቱውን የኑክሌር ኃይልም የሚጨምር ውሕደት አቀረቡ። ሐሳባቸው አንድ አስደንጋጭ መዘዝ ነበረው፤ በአቶም ሁሉ እምብርት ያለው ፕሮቶን ዘላለማዊ አይደለም፣ አንድ ቀን ይፈርሳል። አማካይ ዕድሜው ከ1 ቀጥሎ 30 ያህል ዜሮዎች በሚጻፉበት የዓመታት ቁጥር ተገመተ። የጽንፈ ዓለሙ ዕድሜ ራሱ 14 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖ ሳለ ይህን ማን ጠብቆ ያያል? መፍትሔው አንዱን ፕሮቶን ዕድሜውን ሙሉ ከመጠበቅ ይልቅ፣ እጅግ ብዙ ፕሮቶኖችን ሰብስቦ ጥቂት ዓመት መጠበቅ ነበር።

ለዚህም በጃፓን፣ በካሚዮካ ማዕድን ማውጫ ውስጥ፣ ከምድር በታች 1000 ሜትር ላይ፣ በማሳቶሺ ኮሺባ የሚመራው ቡድን 3000 ቶን ንጹሕ ውኃ የሚይዝ ግዙፍ ጋን ሠራ። ስሙ ካሚዮካንዴ ተባለ፤ በ1983ም ሥራ ጀመረ። ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ብርሃን ጠቋሚዎች አንድ ፕሮቶን ሲፈርስ የሚፈጠረውን ጭላንጭል እንዲይዙ የተዘጋጁ ነበሩ።

ጭላንጭሉ አልታየም። የ1974ቱ ንድፈ ሐሳብም በመጀመሪያ መልኩ ውድቅ ሆነ።

ኮሺባ ግን ጋኑን አልተወም፤ ከፀሐይ የሚመጡ ኒውትሪኖዎችን ማየት እንዲችል አሻሻለው። ማሻሻያው በተጠናቀቀ ማግስት፣ በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1987፣ ከ160 ሺህ የብርሃን ዓመት በላይ ርቆ ከፈነዳ ኮከብ የተነሡ ኒውትሪኖዎች ምድር ደረሱ። ካሚዮካንዴ 11 ያህሉን መዘገበ። ኮሺባ በ2002 ኖቤል ተሸለመ። 50 ሺህ ቶን ውኃ የሚይዘው ተተኪው፣ ሱፐር ካሚዮካንዴ፣ በ1998 ኒውትሪኖ መጠነ ቁስ እንዳለው አሳየ፤ ታካኪ ካጂታም በዚህ በ2015 ተሸለመ።

የ1974ቱ ሐሳብ ለሳይንስ የጠቀመው ውብ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ ስሕተቱ የሚታወቅበትን ቁጥር አብሮ ስለ ሰጠ ነው። ያ ቁጥር ባይኖር ጋኑ አይቆፈርም ነበር። ስበትን ከቀሩት ኃይላት ጋር እናዋሕዳለን የሚሉ ሐሳቦች ዛሬም ብዙ ናቸው። ከመካከላችሁ ወደዚህ ጥናት የምትገቡ ተማሪዎች፣ ከቀመሩ ውበት አስቀድማችሁ «ይህ ሐሳብ ሐሰት ቢሆን በምን እናውቃለን?» ብላችሁ ጠይቁ።

ፕሮቶን እስካሁን ሲፈርስ አልታየም። ጥበቃውም አልተቋረጠም።