ቬሲክል፦ አረፋ ወይስ ቋጠሮ?

ጥገኛ ትሎች የሚለቁትን «ቬሲክል» አንዳንዶች «አረፋ» ብለው ይተረጉሙታል። አልስማማም። አረፋ ወዲያው ይጠፋል፣ የሚሸከመውም ነገር የለም። ትሉ የሚለቀው ግን በስስ የስብ ሽፋን የተጠቀለለ ፕሮቲንና ጥቃቅን አርኤንኤ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የኤድንብራ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት፣ ሄሊግሞሶሞይዲስ ፖሊጋይረስ የተባለው የአይጥ አንጀት ትል የሚለቀው ይህ ነገር የአይጥ ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ የሰውነትን የመከላከል ምላሽ እንደሚያለዝብ አሳይቷል። ለይቶ ማውጣቱ አድካሚ ነው፤ ትሎቹ የቆዩበት ፈሳሽ ተሰብስቦ ይጣራል፣ ከዚያ ከመሬት ስበት 100,000 እጥፍ ገደማ በሚደርስ ኃይል ይሽከረከራል።

የቃሉ የላቲን ሥር «ትንሽ ፊኛ» ማለት ነው፤ የሽንት ፊኛ መጠሪያ የማሳነሻ ቅርጽ ነው። «ፊኛ» ብንለው ከሥሩ ጋር ይገጥም ነበር፤ ዛሬ ግን በአንባቢው ዓይነ ሕሊና የሚመጣው የልደት ፊኛ ነው፣ እሱም አየር ብቻ። እኔ «ቋጠሮ» እላለሁ። የተቃጠለ እጅ «ውሃ ቋጠረ» የምንለውን ትንሽ እብጠት ሐኪሞች ያንኑ ቬሲክል ይሉታል። ደግሞስ ስንቅ የሚቋጠረው ሩቅ ሊወሰድ አይደል? ሙሉ ስሙ «ከሕዋስ የወጣ ቋጠሮ» ይሁን። «የትል ቋጠሮ» ግን የተጠላለፈ ትል ስለሚመስል፣ «ትል የለቀቀው ቋጠሮ» ብንል ይሻላል።